መስኮቴ ላይ የወጣው ሐረግ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ ያቺ ተናካሽ ዶሮሽ ሳትቀር ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽና ከአንድ ሐረግ በቀር ደህና ነኝ።

«ባልሽ ተጸጽቷል፤ ሽማግሌ ልላክና ታረቂ» ያልሽውን አነበብኩ። ከመላክሽ በፊት ጸጸቱ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ሦስት ዓመት የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፍቶ፣ በክረምት መግቢያ ጓል የመሰለ ሥር በኪሱ ይዞ ከተፍ አለ። «ከቆላ ነው ያመጣሁልሽ፤ ሥሩም ቅጠሉም ይበላል» ይለኛል። ኧረ ተወኝ! ቤት ባላስገባው ጊዜ ከመስኮቴ ሥር ቀበረው።

ከዚያ ወዲህ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን እንኳ ሳይቀር፣ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ተሸክሞ እየመጣ ያጠጣል። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው!» ይላል። ትሁት እቴ! እኔ ትኩሳት ጥሎኝ ሳቃስት አንድ ብርጭቆ ውሃ ያላቀበለኝ ሰው ለሐረግ ጀሪካን ይሸከማል። ያን የሚያህል አጥር እያለለት የሚጠመጥመው ደግሞ በመስኮቴ ብረት ላይ ነው፤ ቁጭ ብዬ እንዳደንቀው። በልብስ ስፌት እንደማድር ረስቶታል። ቅጠሉ መዳፍ እያከለ ክፍሌን አጨለመውና የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ደንበኛዬ ያለችኝን አልጽፍልሽም። ለእሱ ብነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፍቅር ሲያድግ እንዲህ ነው።» ወይ አለማፈር!

ባለፈው ሳምንት ቅጠሉ ገርጥቶ መርገፍ ሲጀምር ከጎረቤቴ ከአዋላጇ ጋር ቆፈርነው። እሷማ የሥሩን ትልቅነት አይታ «እንዲህ ያለ ራስ አዋልጄ አላውቅም» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ቀቅለን ቀመስነው። መራራ ነው ልልሽ ነበር፤ ግን ሥሩ ምን በደለኝ? ይጣፍጣል። ለግቢው ሰው ሁሉ አዳረስኩ።

በነጋታው ጀሪካኑን ይዞ መጣና ጉድጓዱን ሲያይ ክው አለ። የለፋበትን አልነፍገውም፣ ድርሻውን ሰጠሁት። ሣህን ግን አላወጣሁም። በሣህን ብሰጠው ሣህኑን ልመልስ ብሎ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ትንሽ ልረፍ ይላል፤ ካረፈ ማን ያስነሳዋል? በፌስታል ቋጥሬ ከበሩ ሳይገባ አቀበልኩትና «ፌስታሉን እዚያው ጣለው» አልኩት።

ስለዚህ እህት ዓለም፣ ሽማግሌዎቹን አታድክሚያቸው። ብቸኝነቱ አይከብደኝም አልልሽም፤ እሱ እያለም ብቻዬን ነበርኩ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። የትልቋን ልጅሽን ቁመት በክር ለክተሽ ላኪልኝ፣ ቀሚስ እሰፋላታለሁ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አማቴንም ደጋግመሽ ሰላም በይልኝ፤ እሷን አልፈታኋትም።

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን