ኢሳቅ ለፈተና ተጠራ

መርሳ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺም ልጆቹም አዳማ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ቤታችን ገብተናል። እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት።

ኔትወርክ ሲመለስ ወልድያ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ለሒሳብ መምህርነት ተመዘገብኩ። ለአንድ ቦታ የሚሻማው ሰው ብዛቱ፤ ገጹ እየተቋረጠ ደጋግሞ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። እማ ደግሞ «የኢሳቅንም ሙዪለት፣ ሲመጣ ሥራ ይጠብቀው» አለችኝ። ሞላሁለት። እህትና ወንድም ለአንድ ቦታ ተሻማን ማለት ነው።

ዲግሪውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ጦርነቱን ስንሸሽ ከውርጌሳ «ዲግሪዬን ይዤ እደርስባችኋለሁ» ብሎ የተመለሰው ለእሱ አልነበር? ሳጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ አገኘሁት። ሳጥኑን የከፈተው ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቢሮ ተደወለ። እኔ አላለፍኩም፤ ለፈተና የተጠራው ኢሳቅ ነው። የሱ ስልክ ስለማይጠራ የኔን ቁጥር ነበር የሞላሁት። ሰውየው «ኢሳቅን ማግኘት እችላለሁ?» ሲለኝ «ወጣ ብሏል፣ ሲመለስ እነግረዋለሁ» አልኩት። ምን ልበለው?

እማ ከጓዳ ሆና ሰምታኝ ኖሯል። ስልኩን ስዘጋ ሻሿን አስራ ጫማዋን አድርጋለች። «በየት በኩል ወጣ?» አለችኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መንገድ መንገዱን ከምታየው እማ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ምናልባት በአንቺ በኩል ብቅ ካለ ንገሪው።

እማ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። የኢሳቅንም ሰላምታ ጨምሪበት አለችኝ። ጨምሬበታለሁ።

እህትሽ ሳሚራ