ዜማው የእኔ አይደለም

መርሳ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለማትረሺኝ አበልጄ፤

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ የመቀሌ ብርድ አባሰብሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ዓመት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ከዘመድ ድምፅ ይልቅ ለመድኩት። እኔ አለሁ። አዳነም ጋራዡን ከፍቷል፤ ድሮም ወሬ አያበዛም፣ አሁን ጭራሽ ትቶታል። የጓሯችን ብርቱካን ዘንድሮ ያለ ልክ አፍርቷል። ለልጅ እጅ የሚደርሰውን የታችኛውን ቅርንጫፍ ግን እንኳን ሊለቅመው የነካውም የለ።

ይህን ወረቀት የያዘልሽ ሞላ ነው፤ እህል ጭኖ ወደ እናንተ የሚሄድ ሾፌር፣ የአዳነ ወዳጅ። ከእጅሽ እንዲያደርስ አስምዬዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ መዝሙራችን ነው። ወልድያ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለን እኔ ግጥሙን ጽፌ አንቺ ዜማ ያወጣሽለት «አሳድረኝ ከደጅህ»። አንድ የአዲስ አበባ ዘማሪ በአልበሙ ሊያወጣው ፈልጎ ፍቅሩን ውል አስይዞ ላከው። ፍቅሩ ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ሆኗል፤ ኩራቱም አብሮ አድጓል። ውሉ «የግጥሙም የዜማውም ብቸኛ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ» ይላል። ዜማው የእኔ አይደለም አልኩት። የማን እንደሆነ ጠፍቶት መሰለሽ? አብሮን አይደል ያጠናው! ዜማ የመንፈስ ቅዱስ ነው፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ የትግራይ ሴት ስም ካለበት ማን ያዳምጠዋል፣ ፈርሚና እንገላገል አለኝ። እኔም የመንፈስ ቅዱስ ከሆነ እንግዲያው እሱን አስፈርሙት አልኩት። ደፈረች ብሎ ለንስሐ አባቴ ከሰሰኝ። እሳቸውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ልጄ አፍሽን ሰብስቢ፣ ፊርማሽንም ሰብስቢ ብለው ሸኙኝ።

ፍቅሩ ማስረጃችሁ የታለ ያለው ግን እውነቱን ነው፤ ማስረጃ የለንም። የመዝሙር መጽሐፉ ሲታተም ስም መጻፍ ውዳሴ ከንቱ ነው ብለን ስማችንን ያስወጣነው እኛው ነን። ጽድቅ መስሎን ነበር። ይኸው ዛሬ ስምሽን ለማጥፋት ማንም አልደከመም።

ተቀይሜሻለሁም፤ ልንገርሽ። ሱቅሽን ዘግተሽ ከወልድያ ስትወጪ አንድ ቃል አልላክሽብኝም። ጎረቤቶችሽ ያሉሽን ኋላ ሰማሁና አፈርኩ። ግን እኔንም ከእነሱ ቆጠረችኝ ወይ ብዬ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን የክርስትና ልጅሽን፣ ናርዶስን፣ ትኩሳት ያዛት። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ባዶ ነበር። አዳነ አዝሏት ወደ ወልድያ ሊያልፍ ሲል ሲሪንቃ ኬላ ላይ ወታደሮች መለሱት። የክርስትና እናቴን ጥሩልኝ ትል ነበር። አንቺ የለሽ፤ ዜማሽን አዜምኩላት፣ አንቺ ስታስተኚያት እንደምታደርጊው ቀስ ብዬ። አሳድረኝ፣ አሳድረኝ እያልኩ ለመንኩት። ሊነጋጋ ሲል ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ መዝሙሩ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ለጥምቀት ያሰፋሽላት ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ነው። ስታድግ ይለቀቅላታል ብለሽ ያጠፍሽው ጫፍ እንደታጠፈ አለ።

እንግዲህ ፈቃዱ ያንቺ ነው። ከፈቀድሽ በራስሽ እጅ ጽፈሽ፣ ስምሽን ከነአባትሽ ስም አስገብተሽ በሞላ ላኪልኝ፤ እኔ ካንቺ ስም ሥር እፈርማለሁ። ካልፈቀድሽም ይቅር፤ ሰው እንደሁ በየደብሩ እየዘመረው ነው፣ እሱን ማን ይከለክላል። ዘማሪው በሕፃናት ድምፅ ሊያሳጅበው አስቧል አሉ። ሌላው ሁሉ አንቺ እንዳልሽው ይሁን። እኔ ውሉ ላይ የማስገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆች እንዳይዘምሩት።

እመቤቴ ከደጅሽ አትጥፋ። የተባለውን ሰላም ያጽናልን፤ ዐይን ለዐይን ተያይተን አብረን ለማልቀስ ያብቃን። ስትመጪ ወልድያ አትውረጂ፤ ቀጥታ መርሳ ነይ።

ዛሬም አበልጅሽ