ያልተካፈልነው እንክብል

ይድረስ ለጉልቤው ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? ጠባሳህ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዝሃል ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አይለኝም» እያልክ ትሸፋፍናለህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ሚስትህስ፣ ያቺ ምላሰኛ ልጅህስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። «በጣም» ስልህ የአፍ ልማድ እንዳይመስልህ፤ ዛሬ ከደስታዬ ብዛት መስመሩን እየሳትኩ ነው የምጽፍልህ።

እስከ ዛሬ የደበቅኩህ ነገር አለ። ኩላሊትህን ስትሰጠኝ አንድ ቫይረስ አብሯት መጥቷል። አንተን ምንም አያደርግህም፤ ብዙ ሰው ውስጥ አድፍጦ ይኖራል አሉኝ። እኔ ግን ገላዬ ኩላሊትህን ባዕድ ናት ብሎ እንዳይጥላት፣ የሰውነቴን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት እወስዳለሁ። ቫይረሱ ያን ድካም አይቶ ከተነሳ ኩላሊቷን ሊያሳጣኝ ይችላል። ብነግርህ «በእኔ ጦስ» እያልክ እህል አትቀምስም ብዬ ዝም አልኩ።

ሆስፒታሉ ይህን ቫይረስ አስቀድሞ የሚከላከል አዲስ መድኃኒት ያጠና ነበርና ገባሁበት። ግማሾቻችን እውነተኛውን፣ ግማሾቻችን ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል እንወስዳለን። ማን የቱን እንደሚወስድ ሐኪሞቹም አያውቁም፤ ደማችንን ብቻ በየሳምንቱ ይመረምራሉ።

እንግዲህ ሞኝነታችንን ስማ። አብሮኝ ወረፋ የሚጠብቅ፣ እንደ እኔው ኩላሊት የተተከለለት ጡረተኛ ሾፌር አለ። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን እንክብሎቻችንን ከፍተን ዱቄቱን ቀመስነው። የእሱ መረረው፣ የእኔ ምንም ጣዕም የለውም። ባዶው የደረሰኝ እኔ ነኝ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሾፌሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» ብሎ ካለው ላይ ግማሹን በመሀረብ ቋጥሮ ሰጠኝ። እኔም የእኔን ግማሽ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ ልውጥ ስል ጥናቱን እንዳላበላሽ ፈርቼ ተውኩት። በነጋታው መሀረቡን ይዤ የጥናቱ ነርስ ዘንድ ሄድኩ። ሾፌሩንም አስጠራችው፤ ደግነቱ እሱም የሰጠሁትን ገና አልነካውም። ከእናንተ በኋላ የሚመጡትን በሽተኞች እኮ ነው የምታታልሉት ብላ እንደ ልጅ ተቆጣችን። ምሬቱም ለካ ሾፌሩ ጠዋት የዋጠው የሌላ መድኃኒት ኖሯል። አፈርን፣ ዳግመኛም አልነካካንም።

ትናንት ጥናቱ አልቆ በሆስፒታሉ አዳራሽ ምስጢሩ ተገለጠ። እውነተኛውን ስወስድ የነበርኩት እኔ ነኝ! የሾፌሩ ነበር ባዶው። ቫይረሱ በአራተኛው ወር ተነስቶበት ነበር፤ ምርመራው ቶሎ ስለደረሰበት ታክሞ ድኗል። ባዶው የእሱ መሆኑን ሲሰማ «እኔ ቸር ነኝ ብዬ ባዶ ላበላሽ ነበር!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። በእኔ ላይ ግን ቫይረሱ ዓመት ሙሉ አልተነሳም። ሌሎቹም ቢሆኑ፣ መድኃኒቱን ከወሰድነው መካከል የታመሙት ጥቂት ናቸው። ሐኪሙ ኩላሊትሽ ደህና አድርጋ እየሠራች ነው አለኝ። ወንድሜ፣ እልል በል እንጂ!

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሚስትህን፣ ስላስታመመችህ ውለታዋን አልረሳሁም በልልኝ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። በመጨረሻም እዚያ አንተ ጋ ለቀረችው ኩላሊት ሰላምታዬን አድርስልኝ። እህትሽ ሰው ቤት ገብታ አልተጎዳችም፤ ተከብራ ትኖራለች በላት።

የምትወድህ እህትህ

ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
ጥር 18 ቀን