የሃውገን ሰሌዳ ጀርባ

ይድረስ ለታናሽ እኅቴ ለኤርሊንዳ፤

ካየሁሽ ዘመን ቢቆጠርም ከልቤ ላልጠፋሽው እኅቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ወደ ገበያ ስትወጪ ዛሬም ዳገቱ መሀል ላይ ትቀመጫለሽ ወይስ የላክሁልሽ ቅባት ረዳሽ? አምብሮስዮን ሳሉ ለቀቀው? የኋላው ክፍል ጣሪያስ ይህን ክረምት ቻለው? በሙታን ቀን ለእናታችን አበባውን በእኔም ስም አስቀምጠሽልኝ እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እሱም አርባ ዓመት መሰላል ላይ የኖረ ወገብ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ልጅሽ ኢትሴል ደህና ናት። ባሏ ፋብያንም፣ ሕፃኗም ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት የሚቀጥለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። ኢትሴል በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው እማ» ስትልሽ የከረመችው ዋሽታሽ ነው። እንዳትነግሪያት ያልኋት እኔ ነኝ። እዚህ ሆነን እኛ እንቅልፍ ካጣን አንቺ እዚያ ሆነሽ ብትጨነቂ ምን ይፈይዳል ብዬ ነው። አሁን ነገሩ አልፏል። ብዕር ያነሣሁትም አልፏል ብዬ ልጽፍልሽ ነው።

ፊደሌ ትልልቅና ወልጋዳ ነው፤ ታገሺው። አባታችን አንቺን ትምህርት ቤት ልኮ እኔን ከበቆሎው ወፍጮ ጋር አስቀረኝ። ልወቅሰው ብዬ አይደለም። ልውቀሰው ብልስ ማን ይከለክለኛል። ያነሣሁት ግን ለዚህኛውም ወሬ ምክንያቱ እሱ ስለሆነ ነው።

ኢትሴል የምትኖርበትን የፍሬ ለቃሚዎች ካምፕ በፎቶ አይተሽዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሃያ ስምንት ቤቶች ናቸው። መሬቱ የአውራጃው ነው። በዚህ ዓመት ምርጫ ለሕዝቡ አንድ ጥያቄ ቀረበ፤ ካምፑ በመጪው ጁን ይዘጋ ወይስ ይቆይ የሚል። «አዎ፣ ይዘጋ» የሚለው ካሸነፈ ቤቶቹ ተነቅለው ይወሰዳሉ። በዚህ ሸለቆ ደግሞ ሌላ የሚከራይ ቤት የለም። ያለውን ለበረዶ ሸርተቴ የሚመጡ ሰዎች ይዘውታል። እኔ ያለሁባት አንድ ክፍልም ለእኔና ለድመቴ ራሷ አትበቃም። ስለዚህ ልጅሽ ሕፃን ታቅፋ የት ትወድቃለች የሚለው ነገር ነበር ሁለት ወር ያንገበገበኝ።

አንቺ ሁልጊዜ እዚያ ያሉ ሰዎች ይወዷችኋል ወይስ ይጠሏችኋል ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እንደ ወራቱ ነው። እኔ ስመጣ ስለ እኛ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ለቅመን እንሄዳለን፤ አጋዘንም ይመጣል ይሄዳል፤ እንደዚያ ነበርን። የመኖሪያ ወረቀት ለሌለን ምሕረት የታወጀ ዓመት ገበሬዎቹ ራሳቸው በመኪናቸው ጭነው ወደ ቢሮው አደረሱን፤ «ይቺ የእኔ ሠራተኛ ናት፣ ታማኝ ናት» ብለው መሰከሩልን። የጣውላ ፋብሪካው ሲዘጋ ግን ዓይናቸው ተለወጠ። ፋብሪካው ውስጥ ከእኛ አንድ ሰው እንኳ ሠርቶ አያውቅም፤ ግን እኛ አጠገባቸው ነበርን፣ የፋብሪካው ጌታ ደግሞ ሩቅ ነበር። በበሽታው ዓመት ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ እኛ ዛፍ ላይ ስለነበርን እንደገና ተወደድን። ልጆቻቸው በየመንገዱ በጠመኔ ልብ ሣሉልን።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። የፒር ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ በየአጥሩ ሰሌዳ ይተከላል፤ ያኔ የመደብር ሰላምታ ያጥራል። ምርጫው ያልፍና ሰሌዳው ይነቀላል፤ ያው ሰዎች በዲሴምበር በሬን እያንኳኩ ለገና የበቆሎ ሊጡን በቅጠል ጠቅልለሽ ታማሌ ሥሪልን ይሉኛል። እሠራላቸዋለሁ። ጨው ቀንሺ ቢሉኝ ግን አልቀንስላቸውም።

ከዋናው መንገድና ከእኔ ቤት መካከል ግቢው ያለውን ሃውገንን ታውቂዋለሽ፤ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ከኋላዬ ትራክተር ላይ የተቀመጠው ረጅሙ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታለች። ፋብሪካው እስኪዘጋ እዚያ ሠርቷል፤ አሁን ያለችው ትንሽ የፒር እርሻ ናት። በበሽታው ዓመት አንድ ትልቅ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ «ፍሬያችንን ለምትለቅሙ እናመሰግናለን» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈና አጥሩ ላይ አቆመው። ዘንድሮ በሴፕቴምበር ያንኑ ኮምፔንሳቶ ገልብጦ በጀርባው «ካምፑ ይዘጋ፤ አዎ በሉ» ብሎ ጻፈበት። አዲሱ ጽሑፍ ወደ መንገዱ ሆነ፤ ምስጋናው ወደ እኔ ማድ ቤት መስኮት ዞረ። እንግዲህ ሳህን ሳጥብ አመሰገነኝ፤ ወደ ከተማ ስወጣ አባረረኝ።

አንድ ቀን አጥሩ ጋ አግኝቼው «ሃውገን፣ ለዚህ እንኳ አዲስ እንጨት አትገዛም?» አልሁት። «የኮምፔንሳቶ ዋጋ የት ደርሷል መሰለሽ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ ዶሚ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም፤ ታውቂያለሽ» አለ። ይህችን ቃል አርባ ዓመት ሰምቻታለሁ። ፖስታ ቤት ያለችውም፣ ጥርሴን የነቀለው ሐኪምም፣ ሁሉም እኔን ማለታቸው አይደለም። ማንን ማለታቸው እንደሆነ ግን ያን ሰው እስከ ዛሬ አግኝቼው አላውቅም።

ዜግነት ካገኘሁ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሆነኝ ድምፅ እሰጣለሁ። እዚህ ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው፤ ወረቀቱን ሞልተሽ ፖስታው ላይ ትፈርሚና ትልኪያለሽ። «አይዘጋ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ፈረምሁ፤ ላክሁ። በምርጫው ማግስት ስንሰማ «ይዘጋ» የሚለው በዘጠኝ ድምፅ ይመራል ተባለ። በዘጠኝ ሰው፣ ኤርሊንዳ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሞሉ ሰዎች ናቸው። ኢትሴል ያኔውኑ ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች።

በዚያው ሳምንት ከአውራጃው ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ። በፖስታው ላይ ያለው ፊርማዎ በመዝገባችን ካለው ጋር አይመሳሰልም ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የመጀመሪያዋን ፊርማዬን፣ ዜግነት የተቀበልሁ ዕለት፣ እዚህ ያስተማረችኝ መምህሬ ከጻፈችልኝ ወረቀት እያየሁ እንደ ጥልፍ ነበር የሠራኋት። አሁን እጄ ተፈትቷል፤ ስሜን እየሮጥሁ ነው የምጽፈው። እኔ ግን ያኔ ይህ ሁሉ አልመጣልኝም። የገባኝ አጭበርብራለች እንደተባልሁ ነው፤ ዜግነቴን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ደብዳቤውን ከዱቄቱ ጣሳ ሥር ሸጎጥሁት። ለኢትሴልም አልነገርኋት። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ወረቀት ደብቄ ስምንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሃውገን ደጄ ላይ ቆሟል፤ በእጁ ልክ የእኔን የመሰለ ወረቀት ይዟል። እጁ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ መንጃ ፈቃዱንም ወስደውበታል። «ሃምሳ ዓመት የፈረምሁበትን ስም የአንተ አይደለም አሉኝ» አለ። «ቢሮው ድረስ አድርሺኝ። እንደገና ከፈረምሁ ይቆጥሩታል፤ እስከ ማክሰኞ ነው ቀኑ።»

«ይኸው ነው? እንደገና መፈረም ብቻ?» አልሁት።

«ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ሄጄ ከጣሳው ሥር አወጣሁና አሳየሁት። ዱቄቱን አራግፎ አነበበና እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በሩ ላይ ተደግፎ አሰበ፤ አሰበና «ስሚኝማ ዶሚ፤ አንቺ አይዘጋ ብለሻል፣ እኔ ይዘጋ ብያለሁ። ሁለታችንም ቤታችን ብንቀመጥ ሂሳቡ ያው ነው። ቤንዚንሽም ይተርፍልሻል» አለኝ።

«እኔ ቤቴ ስቀመጥ አንተ የሌላ ሰው መኪና ለምነህ ትሄዳለህ» አልሁት።

«እሱንም አስቤው ነበር» አለ።

ስለዚህ ሁለታችንም ሄድን። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። በካምፑ አጠገብ ስናልፍ ከአንዱ ቤት ዘፈን ይጮኻል፤ ደጁ ላይ ቆሻሻ ተከምሯል። ምላሴ አላስችል አለኝና «የዛሬዎቹ እንደ እኛ አይደሉም፤ እኛ ስንመጣ አንገታችንን ደፍተን ነበር የምንሠራው» አልሁ። ሃውገን ዞር ብሎ አየኝና «በይ እንግዲህ፣ ሰሌዳዬን ላውስሽ» አለኝ። ከዛሬዎቹ አንዷ ያንቺ ልጅ ናት፣ ኤርሊንዳ። ያን ጊዜ ፊቴ እንዴት እንደጋለ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህንንም የጻፍሁልሽ ሁልጊዜ የሌላውን ሰው ኃጢአት ብቻ ትነግሪኛለሽ ስለምትዪኝ ነው።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። የእኔን ሁለት ፊርማ ጎን ለጎን አደረገችና «ሁለቱም የእርስዎ ናቸው?» አለችኝ። «አዎ፣ አንዱ ሳልማር፣ አንዱ ከተማርሁ በኋላ» አልኋት። ፈገግ ብላ አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ፤ ፈረምሁ፤ በቃ። ስምንት ቀን የበላኝ ጭንቀት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የሃውገን ግን እንዲህ አልቀለለም። ብዕሩ ከመስመሩ ላይ እየሸሸ ወረቀቱን ይገፋበታል። አንዱን ቅጽ አበላሸ። ሁለተኛውን ሲጀምር ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። «ወረቀቱን ያዢልኝ» አለኝ። በሁለት እጄ ጠረጴዛው ላይ ወጥሬ ያዝሁለት። «አጥብቀሽ» አለኝ። እኅቴ፣ የልጅሽን ቤት የሚያስነቅል ድምፅ ነው የያዝሁለት። ትንሽ ላላ ባደርገው ይበላሽ ነበር፤ ተናዶም ጥሎት ይወጣ ነበር፤ አውቀዋለሁ። አጥብቄ ያዝሁት። ሞኝ ናት ትዪኛለሽ። ስሙን መጻፍ ያቃተው ሰው በሰው ፊት ሲቆም እንዴት እንደሚሆን አንቺ አታውቂውም፤ አንቺ ትምህርት ቤት ሄደሻል።

ማክሰኞ ማታ ቆጠራው አለቀ። «አይዘጋ» የሚለው በአራት ድምፅ አሸነፈ። ፊርማቸው አልመሳሰል ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የለቃሚ ልጆች ነበሩ አሉ፤ ወጣቶች ናቸውና ፊርማቸው ገና መልክ አልያዘም። እነሱም ሄደው እንደገና ፈርመው ኖሯል። ኢትሴል ደውላ መናገር አቅቷት አለቀሰች፤ ፋብያን ስልኩን ተቀብሎ እሱም አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም። ደጄ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥሁና ወገቤን ፈለግሁት፤ አላመመኝም። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። በማግስቱ ሄጄ ሳህኖቹን አብረን ከካርቶን አወጣን። የተሰበረው አንድ ስኒ ብቻ ነው፤ እሱም ድሮውንም ጆሮ አልነበረውም።

ቅዳሜ ዕለት ሃውገን መጣ። «እንግዲህ አሸነፋችሁን» አለ፤ የተቆጣ አይመስልም። ባርኔጣውን ሲያዟዙር ቆየና «ፋብያን በጃንዋሪ ዛፎቼን ሊገርዝልኝ ይመጣ ይሆን?» አለኝ።

«ካምፑ ቢዘጋ ኖሮ ከዚያ ወዲያ ማን ሊገርዝልህ ነበር?» አልሁት።

«እሱን አላሰብሁትም» አለ። አመንሁት። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። ፋብያን ይመጣል፤ ጠይቄዋለሁ። ከአምናው ጨምሮ እንዲከፍለው ግን ለሃውገን ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።

ሰሌዳውን ነቅሎ አጥሩ ሥር ጥሎት ነበር። የዶሮ ቤቴ ጣሪያ ስለሚያፈስስ ስጠኝ አልሁት፤ ሰጠኝ። ፋብያን በምስማር መታልኝ። «አዎ በሉ» የሚለው ወደ ሰማይ ሆኖ ዝናብ ይወርድበታል፤ ምስጋናው ከውስጥ ነው፤ ዶሮዎቹ ሲያንጋጥጡ ያነቡታል። ኢትሴል «አክስቴ፣ ቀለም ቀብተን እናጥፋው» አለችኝ። ተዪው አልኋት። ሃውገን በሕይወት ካለ የዛሬ ሁለት ዓመት ምርጫ ሲመለስ ሰሌዳውን መልሺልኝ ሊለኝ ይመጣል፤ ኮምፔንሳቶ ገና ይወደዳል። በየትኛው ፊቱ እንደሚፈልገው ያኔ እናያለን። እስከዚያ ልጅሽ ቤት አላት።

ለአምብሮስዮ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሲጋራውን ካልተወ ሳሉም አይተወውም በይልኝ። ለአማትሽ ለዶኛ ፕራክሴዲስ እጅ ነሥቻለሁ። ለልጅሽ ለኤልዩድና ለሚስቱ ሰላም በይልኝ፤ አዲስ የተወለደችላቸውንም ሕፃን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለኦቲልያ አልሞተችም በያት፤ እሷ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። አንቺንም ሁለቱን ዓይኖችሽን እስምሻለሁ።

እኅትሽ ዶሚቲላ
በገዛ እጄ የጻፍሁት

ሊንደን ክሪክ፣ ኦሪገን
ዲሴምበር 1 ቀን 2024