የሰብለ ዕድሜ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ከቡልጋሪያ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ ታክሲ ተጋፍቼ። ዛሬም አረፈድኩ። የክሊኒካችን ለጋሾች አዲስ መመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ከኅዳር ጀምሮ የኤችአይቪ መከላከያው ኪኒን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ አራት ዓመት ላሉ ሴቶች ብቻ። ቫይረሱ የሚበረታው ወጣቶቹ ላይ ነው ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን ሃያ አምስት የሞላት ክትባት ተወጋች እንዴ? አለቃዬን አቶ ግርማን ጠየቅኩት። እኛ ፈጻሚ ነን አለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ፋይል ስለይ ዋልኩ። የምትቀጥል፣ የምትቋረጥ። የሰብለን ይዤ ቀረሁ። ከጀርባችን ያለው ቡና ቤት ነው የምትሠራው። ለወንዱ ሁሉ ሃያ ሁለት ነኝ ትላለች። እዚህ ሰፈር ቡና ቤት የምትሠራ ሴት ሃያ ሁለትን አታልፍም። ስመዘግባት ለእኔም እንደዚያው አለችኝ። የተቆጣኋት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት እውነት ነው የሚወራው አልኳት። ሳቀችና ሃያ ስምንት አለች። ጻፍኩ። በገዛ እጄ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ኪኒኗ አልቆ መጣች። መመሪያውን ነገርኳት። ሲስተር፣ ያቺን ስምንት አራት አድርጊልኝ በቃ አለችኝ። ኦዲት አለ አልኳት። ማለቴ፣ ፈራሁ። ኮንዶም በካርቶን አሸከምኳት። በኮንዶም እሺ የማይል ወንድ ስንት አለ፣ ኪኒኑን የጀመርኩት ለዚያ አልነበር እንዴ ብላ ወጣች።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ሰብለ ለምርመራ መጣች። ሁለት መስመር። ደገምኩት፣ ያው ነው። ቫይረሱ አለባት። እሷ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሕክምናውስ ዕድሜ ይጠየቃል ወይ? አይጠየቅም አልኳት። ጥሩ ነው አለች።

የካቲት 13፣ አርብ፣ ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ምን ልበልህ። ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ የሰብለን ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ። ዞርኩ። እሷ አይደለችም። ከምርመራዋ ወዲህ አራተኛ ቀኔ ነው። ፎርም ላይ ዕድሜ የሚለው መስመር ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል።

ዛሬ ከባምቢስ በኩል አንዲት አዲስ ሴት መጣች። ሠላሳ አንድ አለችኝ፣ ሳላስጨንቃት። በሩን ዘጋሁ። ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ። ማንም ቢጠይቅሽ ሃያ አራት ነሽ፣ እዚህ ቤትም ቢሆን አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ኪኒኗን ይዛ ሄደች።

የተቋረጡትን ፋይሎች ከመደርደሪያው አውርጄአለሁ። በመጀመሪያ የማንን ዕድሜ ልቀይር?