የጋሼ ቧንቧ ሦስተኛ መስመር

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ትንሽ ትልቁ ጋሼ ቧንቧ እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከእህል ነጋዴ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ናቸው። ገና ድክ ድክ ከሚሉበት ጊዜ ጀምሮ የተገጠመ ሁሉ ካልተፈታ የማይሆንላቸው ሕፃን ስለነበሩ፣ አባታቸው ከስፌት መኪናው አጠገብ ድርሽ እንዳይሉ ከልክለዋቸው ነበር። ክልከላው አልሠራም። ይህን ታሪክ የጻፈችው የእህታቸው ልጅ፣ የመዘምራኑ መሪ ናት። ቤተሰቡ ጻፊልን ሲላት፣ የመዝሙሩን ነገር ሳልነካ አላልፍም ብላ አስቀድማ ተናግራለች።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ቀጥሎም በሙያ ትምህርት ቤት የቧንቧ ሥራ ተማሩ። በ1964 ዓ.ም. ብዙዎቻችን በምንሠራበት ሆስፒታል ጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስም ከዚያ አልተነቃነቁም። ሥራቸው ምድር ቤት ነበር፤ ቦይለሩን መጠበቅ፣ ለልብስ ማጠቢያውና ለቀዶ ሕክምናው ክፍል ሙቅ ውኃ ማድረስ። ከእጃቸው ግራሶ የማይጠፋ፣ ከኪሳቸው መፍቻ የማይታጣ ሰው ነበሩ። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ የኮታቸው ኪስ አብጦ ይታያል።

የሆስፒታሉ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ ከቦይለሩ ክፍል በላይ ባለው አዳራሽ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። የጸሎት ማኅበራችን መነሻ እሱ ነው። ጋሼ ቦይለሩን ጥለው መውጣት ስለማይችሉ፣ ቧንቧዎቹ በሚያልፉበት የጣሪያ ቀዳዳ ሥር ቆመው ከታች ሆነው ይዘምሩ ነበር። የማለዳውን መዝሙር የተማሩት እንዲህ ነው። ችግሩ፣ የመዝሙሩ ሦስተኛ መስመር ዝቅ ብሎ በለሆሳስ የሚዘመር መሆኑ ነው፤ የቦይለሩ ጩኸት ይውጠዋል። እሳቸውም ያልሰሙትን ከራሳቸው ሞሉት። ዜማው ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ሽቅብ ወጡ። ታች ብቻቸውን ስለነበሩ የሚያርማቸው ሰው አልነበረም።

በ1969 ዓ.ም. የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ፈንድቶ ሊጠግኑ ሲወጡ ከአንዲት አዋላጅ ጋር ተዋወቁ። የአንድ ሰዓቱ ሥራ ሳምንት ሙሉ ፈጀ። አዋላጇም ነገሩ ገብቷቸው ነበር። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አርባ አምስት ዓመት በሰላም ኖሩ። በሰላም ስንል፣ ባለቤታቸው የገዛ ወጥ ቤታቸው ቧንቧ ዘወትር እንደሚያንጠባጥብ ለሰማ ሁሉ መናገራቸው ሳይቆጠር ነው።

ማኅበሩ አድጎ የራሱ የጸሎት ቤት ሲኖረው፣ ልጆቹን መዝሙር የሚያስተምር ሰው ታጣ። ሁሉም ሰበብ ሲደረድር፣ እምቢ ማለት ያልፈጠረባቸው ጋሼ እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በመፍቻ የወንበር ጠርዝ እየመቱ አስተማሩ። የሚያፍር ልጅ ካለ አጠገባቸው ያቆሙና፣ ድምፁ እንዳይሰማበት እሳቸው ይጮኹለት ነበር። ተማሪዎቻቸው አድገው ነርስ፣ ሹፌር፣ ጥበቃ፣ ሐኪም ሆኑ፤ ወልደውም ልጆቻቸውን መልሰው ለእሳቸው ሰጡ። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ጉባኤው በሙሉ ሦስተኛው መስመር ላይ ሽቅብ የሚወጣ ሆነ። እንግዶች ሲመጡ እዚያ ቦታ ላይ መዝሙሩን አቋርጠው እርስ በርስ ይተያያሉ።

የእህታቸው ልጅ ሙዚቃ ተምራ ስትመለስ ይህን ላቃና ብላ ተነሣች። አጎቷም በትሕትና ይሰሟታል፣ ልክ ነሽ ይሏታል፣ በሳምንቱ ልጆቹን አሰልፈው ሽቅብ ይወጣሉ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ነገሩ ስሕተት ነበር፤ ዛሬም ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ የሚወደድ ስሕተት ግን ከየትም አይመጣም።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም አገኛቸውና ዕድሜያቸውን በሙሉ በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። እዚያም አላረፉም፤ ከመታጠቢያው ክፍል የውኃ ጠብታ ሰምተው መፍቻ አምጡልኝ አሉ። አንድ ቀን የሌላ ጉባኤ መዘምራን ሕመምተኞችን ሊጠይቁ መጥተው የማለዳውን መዝሙር ዘመሩ። ጋሼ ሦስተኛውን መስመር ያለ ቦይለርና ያለ ራሳቸው ጩኸት ከመዘምራን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የእህታቸውን ልጅ ጠርተውም እንዲህ አሏት፦ «የእነሱ ይበልጥ ያምራል። የእኔን ስሕተት ለልጆቹ አታውርሷቸው። ስትቀብሩኝም በትክክሉ ዘምሩልኝ፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ያድርገን።» ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ኮሪደር ላይ ወጥታ አለቀሰች።

ጋሼ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት፣ ብዙም ሳይጨነቁ፣ ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና ዘምሩ ብለው ያሳደጓቸውን ሁሉ ትተዋል።

ከዕረፍታቸው ወዲህ ለዛሬው ሽኝት ልምምድ ተደርጓል። አንዳንድ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በልጅነታችን ያልዘመርነውን አንዘምርም ብለው ነበር፤ ባለቤታቸው ግን የሟች ቃል ይከበር አሉና ነገሩ በዚያ አለቀ። ልምምዱ ግን አልያዘልንም። ቁልቁል እንዴት እንደሚወረድ ልታሳይ ፊት የቆመችው የእህታቸው ልጅ ራሷ፣ ከሕፃንነቷ ከአጠገባቸው ቆማ የተማረች ናትና፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሽቅብ ወጣች። ማንም አልሳቀባትም።

ይህ ታሪክ ተነብቦ ሲያበቃ፣ ቃላቸው ነውና፣ የማለዳው መዝሙር በትክክለኛው ዜማ ይዘመራል። ሁላችንም እንሞክር። ጉሮሮው እምቢ ብሎት ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ ግን አጠገቡ ያለው አያርመው። የደከሙልን አባታችንን አምላክ በመላእክቱ ጉባኤ መካከል ያሳርፍልን፤ መላእክቱም ሦስተኛው መስመር ላይ ይታገሷቸው።