ባለ ቁንጮውን ዘጠኝ ጊዜ ያየህበት ክረምት

ጎንደር፣ ኅዳር 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዳኛው፣

እንዴት ከረምህ? እኔ እግዜር ይመስገን፣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመው ብርድ በቀር ሸጋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌር መተማ ላይ ሰሊጥ ስታጭድ በዓይኑ እንዳየህ ምሎልኛል። እኔ ግን ሰው ሲምልልኝ ይብስ ስለምጠረጥር ፖስታውን በጧፍ ሰም አሽጌዋለሁ። ሰሙ ተነስቶ ካገኘኸው መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።

ሁለት ወር ሙሉ ብዕር አንስቼ አስቀመጥሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ የተማረ ሰው ይቅርታ ለመጻፍ ፊደሉ ያንሰዋል መሰለኝ። ቢሆንም ያልነገርሁህ ነገር ስላለ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንተም እንደ ልማድህ «እታለም፣ አሳጥሪው» አትበለኝ።

ነገሩ የመጣው በሐምሌ ነው። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና አዲስ ፊልም የሚያመጣው መኪና ቀረ፤ ፒያሳ ያለው ሲኒማ ቤትም ያንኑ አንድ የጃፓን ፊልም ሰባት ሳምንት ሙሉ አሳየ። መጀመሪያ ቀን አይተህ ስትመለስ እራትህን ረስተህ ቆመህ ታወራኝ ነበር። «እታለም፣ ፀጉራቸውን ቁንጮ ቋጥረው፣ እንደ ቄስ ሰፊ ልብስ ለብሰው፣ ጎራዴ በወገባቸው ሰክተው ዝም ብለው ይቆማሉ። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ስትገልጪ አንዱ ወድቋል!» አልኸኝ። እኔም «ዓይኔን ጨፍኜ ከሆነ ምን አስከፈለኝ?» ብዬህ ሳቅን።

በሳምንቱ ደገምህ። ከዚያ ሠለስህ። አንድ ሰው አንድን ነገር አራት ጊዜ ካየ እያየ ሳይሆን እየተማረ ነው ብዬ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ያልሁት ያኔ ነው።

መቼም ያበድኸው አንተ ብቻ አልነበርህም። የመንደራችን ጎልማሳ ሁሉ በትሩን በወገቡ ሰክቶ ይንጎራደድ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ደንበኛ ሲመጣ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ጀምሮ፣ ሚስቱ «ወገብህ ከታመመ ተኛ» ብላ አፍራበታለች። እነሱን ግን አልፈራኋቸውም። የእነሱ አባት በጥይት አልሞተም።

በፍልሰታ ጾም መፍቻ ማግስት የአባታችንን ጎራዴ ከግድግዳው አውርደህ ጓሮ ስትስለው ደረስሁብህ። «ዝገቱን ላስለቅቅለት ብዬ ነው» አልኸኝ፣ ሳታየኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲዝግ የኖረ ጎራዴ ዘንድሮ ምን ሰርግ ተጠራ? አልጠየቅሁህም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እግርህን ስታጥብ፣ ጫማህን ስታስር፣ ዝም ስትል፣ ሁሉንም እቆጥርብህ ነበር።

አንተ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርህ፤ የምታውቀው የነገሩህን ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ኮሶዬ፣ እርሻችን ዳር፣ አያ አለበል በድንበር ጠብ አባታችን ላይ ሲተኩሱ አገልግሉን ይዤ ከኋላው ቆሜ ነበር። አገልግሉን አልጣልሁትም። ቤት ድረስ ይዤው ተመለስሁ፤ እናታችን ነፍሷን ይማረውና ከፍታ ብታየው ምሳው አልተነካም።

በዓመቱ ሽማግሌዎች ደሙን አደረቁት። ቄሱ መስቀል ይዘው፣ አያ አለበል በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን መጡ። አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አፍህ ውስጥ ከተቱት፤ አንተም ምኑንም ሳታውቅ ጠባህ። በዚያው የጡት ልጃቸው ሆንህ፣ እሳቸውም የጡት አባትህ። ይህን ደም ዳግመኛ በአፉ ያነሳ የተረገመ ይሁን ተብሎ ተማለ።

ሐቁን ለመናገር አያ አለበል መሐላቸውን አላፈረሱም። ትክል ድንጋይ ገበያ ያወጡትን እህል ሳያካፍሉን የቀሩበት ዓመት የለም። ለፋሲካ ሲመጡ ብርድ ይዞህ ካዩ ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሱህ ነበር። እኔን ግን «እህትህ ደህና ነች?» ይሉሃል እንጂ፣ እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ እንኳ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። እኔም ውሃ አቀርብላቸዋለሁ፤ ሲጠጡ ግን ጉሮሯቸውን አያለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጎራዴውን ስትስል ባየሁህ በሦስተኛው ቀን፣ አንተ ሥራ ላይ ሳለህ፣ ጎረቤታችንን ይመኙሽን አስከትዬ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርሁህም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። በጣሊያን ጊዜ ጣሊያንኛ የተማረው ተክለ ጊዮርጊስ ከሸራው አጠገብ ቆሞ ከሥር የሚወጣውን የጣሊያንኛ ጽሑፍ እየጮኸ ይተረጉማል፤ ሕዝቡም ይሰድበዋል።

«ሰውዬው አባቱን ለገደለው ጌታ አሽከር ሆኖ ገባ!» ይላል ተክለ ጊዮርጊስ።

«አውቀናል፣ ዞር በል፣ ፈረሱን ከለልኸን!»

«ሰባት ዓመት ጃንጥላ ያዘለት!»

«ምነው አገራቸው ሽማግሌ የለም? አንድ የሚያስታርቅ ሰው ይጥፋ?» አለ አንድ ገበሬ ከፊት፣ ከልቡ አዝኖ።

«ሽማግሌ ቢኖርማ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር» ብሎ ሌላው አሳቀን።

እውነት ለመናገር ሸጋ ነገር ነው። ለምን እንደሳበህ ገባኝ። ባለ ቁንጮው ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላውን ጌታው ላይ ዘርግቶ ራሱ ይበሰብሳል። አይናገርም። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እኔን የያዘኝም ያ ፊት ነው፤ ጎራዴው አይደለም። እንዲያ ያለ ፊት አውቃለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመት ለአያ አለበል ውሃ ሳቀርብ የራሴው ፊት እንዲያ ነበር አልልህም፣ ያኔ እንዲያ አላሰብሁም። ያኔ ያሰብሁት ያንተን ፊት ነው። መጨረሻ ላይ ከጃንጥላው እጀታ ውስጥ ስለት ሲመዝ ይመኙሽ እጄን ጨበጠችኝ።

እቤት ስገባ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እታለም፣ ቅዳሜ አያ አለበልን ፊልሙን ላሳያቸው ጠርቻቸዋለሁ።»

ተኛሁ አልተኛሁም፣ በነጋታው ሁለት ነገር አደረግሁ። ጎራዴውን በጨርቅ ጠቅልዬ ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት። ይመኙሽንም ትክል ድንጋይ ገበያ እንስራ ልትሸጥ ስትወርድ «ለአያ አለበል፣ የዳኛው ልብ ደህና አይደለምና ቅዳሜ አይምጡ በያቸው» ብዬ ላክኋት። የተማለውን ደም በአፌ አነሳሁ ማለት ነው። እርግማኑ ያንተ እንዳይሆን ብዬ ወደ ራሴ ወሰድሁት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይመኙሽ ይዛልኝ የተመለሰችው የእሳቸው ቃል ይህ ነበር፦ «ሰምቻለሁ። ልጄ ከጠራኝ እመጣለሁ።»

መጡ። ጠመንጃ የለ፣ አጃቢ የለ፣ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አንተ ምን አደረግህ? ጃንጥላውን ከእጃቸው ተቀብለህ በላያቸው ዘረጋህና አንድ እርምጃ ከኋላ ተከተልሃቸው። አንተ ትበሰብሳለህ፤ እሳቸው ደረቅ ናቸው። እኔም ከኋላችሁ ተከተልሁ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላውን አጥፈህ ስታራግፈው «ወዲህ በለው፣ ልያዝልህ» ብዬ የተቀበልሁህ ለትሕትና እንዳይመስልህ። እጀታውን ጠመዘዝሁት፣ ሳብሁት፣ አሸተትሁት። የቀርከሃ እንጨት ነበር፣ አለቀ። አንተ «ምነው እታለም፣ ልትገዢው ነው?» ብለህ ሳቅህብኝ።

እናንተ ሁለት ረድፍ ከፊቴ ተቀመጣችሁ። ፊልሙን አላየሁም፤ ያንተን ትከሻ ብቻ ነበር የማየው። አያ አለበል ፈረሶቹ ሲሮጡ እንደ ልጅ ጉልበታቸውን ይመታሉ። አንተ በጆሯቸው የሆነ ነገር ትላለህ፣ ይስቃሉ። ያ መጨረሻው ደረሰ። ዝናቡ ሸራው ላይ ወረደ፤ ጣሪያው ላይም የእኛው ዝናብ ይወርዳል። ባለ ቁንጮው እጁን ወደ እጀታው ሰደደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንተ የሰማኸው ከፊሉን ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ይጮህ ነበርና ከዚያ ሁሉ ድምፅ የኔን አልለየህም። እኔ ተነስቼ ቆምሁ። ነጠላዬ ወደቀ። «በለው!» አልሁ። «በለው! በለው እንጂ!» ሸራውን እያየሁ አልነበረም፣ ዳኛው። የአያ አለበልን ማጅራት እያየሁ ነበር።

እሳቸው ዞሩ። ከሁሉ ሰው መሐል ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልደነገጡምም። ቀስ ብለው በስሜ «ደብሪቱ» አሉኝ። ያን ብቻ። እኔም ተቀመጥሁ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። እሳቸውን ሸኝተህ ስትገባ ግድግዳው ባዶ መሆኑን አየህ፤ እኔም የጎታውንም የመልእክቱንም ነገር አወጣሁልህ፤ ጩኸቴን ግን ደበቅሁ። በሩ ላይ ቆመህ የተናገርኸውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እታለም፣ ዘጠኝ ጊዜ ያየሁት ለጎራዴው መሰለሽ? ያ ጌታ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ጃንጥላ የያዘለትን ሰው አላየውም። ዘጠኝ ጊዜ የገባሁት ምናልባት ዛሬ ዞር ይል ይሆናል እያልሁ ነው። ዞሮ ስሙን ቢጠራው ስለቱ ከእጀታው አይወጣም ነበር። እኔን አያ አለበል ዞር ብለው ያዩኛል። ይህን ላሳያቸው ነበር የጠራኋቸው።» ከዚያ በኋላ ቦርሳህን ይዘህ ወጣህ፤ አንተን መጠርጠሬ ሳይሆን እሳቸውን ማስጠንቀቄ እንደገደለህ ነገርኸኝ። በመስከረም መጀመሪያ ከአጫጆቹ ጋር መተማ ወረድህ አሉኝ።

እውነትህን ነው። የተሳሳትሁት ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ባለ ቁንጮው አንተ አልነበርህም። ደሙ በደረቀበት ቀን በማር የታሰረው ያንተ አፍ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የጠየቀኝም፣ ያጠባኝም የለም። ሴት ልጅ ደም አትመልስም ብለው ይሆናል። እኔም ራሴ እንደዚያው አምኜ ኖሬ ነበር።

አሁን አዲሱን ወሬ ስማ። በመስቀል ሰሞን አያ አለበል ብቻቸውን መጡ። አንዲት ትንሽ ገንቦ ልብስ መኪናዬ ላይ አስቀመጡ፤ አፏ በቆዳ የታሰረ፣ ነጭ ማር። ቆመው፣ ሳይቀመጡ፣ «ደብሪቱ፣ ያን ጊዜ በሩ ላይ ነበርሽ። አይቼሻለሁ። አይቼሽ እንዳላየሁ ሆንሁ» አሉኝ። እኔ መርፌዬን እያየሁ «በአርባ ዓመቴ ጣት ልጠባ?» አልኋቸው። «እስክትፈቅጂ ይቀመጥ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ብቻ ብዙ አታቆዪው» ብለው ሄዱ። ዝናብ አልነበረም፤ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ሲወርዱ ከበር አየኋቸው። መታጠፊያው ላይ ዞር አሉ።

ማሩ መደርደሪያው ላይ አለ። አልከፈትሁትም። እግዜር ይቅር ይበለኝና መርዝ ይኖርበት ይሆን ብዬ ሁለቴ አሽትቼዋለሁ፤ ይመኙሽ «ለኔ ስጪኝና ከሞትሁ ታውቂያለሽ» ብላ ስቃብኛለች። አየህ፣ ገና አልዳንሁም። ጎራዴውም ጎታ ውስጥ ነው፤ ጤፍ ስዘግን በዘገንሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል። ያን ቀን ስለቱን ለምን እንደሳልኸው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም፣ ዳኛው። ለዝገቱ ነው አትበለኝ። ለኔ ለራሴ የነበረኝን ያህል ቂም ቢኖርህ አልፈርድብህም፤ ብቻ ንገረኝ፣ ሁለት ሆነን እንሸከመው።

አጨዳው ሲያልቅ ና። ጎራዴውን አንተ አውጣው፣ ማሩን እኔ አወርደዋለሁ፣ አያ አለበልንም አብረን እንጠራቸዋለን። የቱን እንደምናስቀድም እስክትመጣ ድረስ አላውቅም፤ በሩን ግን አልቆልፈውም።

«በለው!» ብላ የጮኸችው እህትህ፣
ደብሪቱ